ባለ አርባ ወንበሩ መንደር፦ አጭር ጥናት

ስለ ጃፓን ተራራማ መንደሮች የተጻፈው ብዙ ነው። ጀርመናዊው አርክቴክት ብሩኖ ታውት እ.ኤ.አ. በ1935 የሺራካዋ-ጎን የሣር ክዳን ቤቶች አይቶ ካደነቀ ወዲህ፣ የጣሪያቸው ቁልቁለት ተለክቷል፣ የምሰሶአቸው አስተሳሰር ተመዝግቧል፣ የገበሬዎቹ መረዳዳት ተወድሷል። ከእነዚህ መንደሮች ጋር በየቀኑ የሚገናኝ አንድ ሌላ መንደር ግን እስከ ዛሬ የሊቃውንቱን ዓይን አልሳበም። ይህም ጠዋት ናጎያ ላይ ተቆርቁሮ ማታ እዚያው የሚፈርሰው፣ በአስጎብኚ አውቶቡስ ውስጥ የሚኖረው መንደር ነው።

ስለ አሰፋፈሩ፦ ነዋሪዎቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አይተዋወቁም። ቢሆንም የመሬት ይዞታ ጥያቄያቸው በደቂቃዎች ውስጥ እልባት ያገኛል። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ባለርስት ነው። በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠ ጭሰኛ ሲሆን ተራራውን የሚያየው በባለርስቱ ጆሮ ማዶ ነው። ባለርስቱ ለአፍታ ቢነሣ ድንበሩን በጃኬት ያስከብራል፤ ጃኬት የገፋ ሰው እስካሁን አልታየም።

ስለ አስተዳደሩ፦ ሹሟ ትንሽ ባንዲራ የያዘችው አስጎብኚ ናት። የምታስከብረው ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፤ እሱም አውቶቡሱ የሚነሣበት ሰዓት ነው። አንቀጹ በቃል ይነገራል፣ ይደገማል፣ በመጨረሻም በካርቶን ተጽፎ ከፍ ይደረጋል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሺራካዋ-ጎ ዋና መንደር የኦጊማቺ ሰዎች በ1971 ማኅበር አቋቁመው ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ተስማምተዋል። ሦስቱ ክልከላዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። የአውቶቡሱ ሕግ ዕድሜው አንድ ቀን ቢሆንም በአፈጻጸም አያንስም። ያረፈደን ሰው ማንም አይቆጣውም፤ መንደርተኛው በሙሉ ዝም ብሎ ሲሮጥ ያየዋል።

ስለ ኢኮኖሚው፦ መንደሩ መጀመሪያ የሚያርፈው ታካያማ ነው። ጃፓንን ይገዙ የነበሩት የቶኩጋዋ ሾጉኖች ታካያማ የምትገኝበትን የሂዳን ግዛት በ1692 በቀጥታ በእጃቸው ያስገቡት በደኑና በማዕድኑ ምክንያት ሲሆን፣ የአስተዳደር ግቢያቸው ታካያማ ጂንያ እስከ 1969 ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት በፊት ደግሞ የሂዳ ሰው በአናጢነቱ ስለታወቀ ግብሩን በጉልበት ይከፍል፣ ወደ ዋና ከተማው ሄዶ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ይሠራ ነበር። የአውቶቡሱ ነዋሪዎች ይህን ሁሉ በትሕትና አዳምጠው የራሳቸውን ግብር እንጨት ላይ በተሰካ የሂዳ በሬ ጥብስ ይከፍላሉ።

በታካያማ አሮጌ የሳንማቺ ሰፈር ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ ጠማቂዎች ደጃፋቸው ላይ ከዛፍ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ድቡልቡል ይሰቅላሉ። አረንጓዴ ሲሆን አዲስ ሳኬ መድረሱን ይናገራል፤ ከወራት በኋላ ቡናማ ይሆናል። የቀማሾቹ ጉንጭ ቀለም ለመቀየር ይህን ያህል ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለ ፍልሰቱ፦ ሺራካዋ-ጎን ለዘመናት ከዓለም ነጥሎ ያቆየው ተራራና በረዶ ነው። ተራራው በ10.7 ኪሎ ሜትሩ የሂዳ ዋሻ ተበስቶ አውራ ጎዳናው በ2008 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ የማይደረስበት አገር ከታካያማ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሞላ ሆነ። ከጥብሱና ከሳኬው በኋላ የሚመጣው ይህ ታላቅ የምህንድስና ሥራ በመንደርተኛው ዘንድ የሚታወቀው በእንቅልፍ ነው።

ስለ ደቦው፦ በኦጊማቺ ጣሪያ የሚከደነው ዩኢ በሚባል ደቦ ነው። ጣሪያው በረዶ እንዲንሸራተትበት ወደ 60 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ከሥሩ ባሉት ፎቆች ድሮ የሐር ትል ይረባ ነበር። ሣሩ ከ30 እስከ 40 ዓመት ያገለግላል። ሲያረጅም ከመቶ የማያንሱ ሰዎች ወጥተው በአንድና በሁለት ቀን የጣሪያውን አንድ ወገን ያድሱታል፤ ዛሬ የረዳ ነገ ይረዳል። የአውቶቡሱም መንደር ደቦ አለው፤ ያነሣ ይነሣል። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ይባላል፤ የውለታው ዕዳም እዚያው ይወራረዳል።

ለኦጊማቺ የተመደበው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 107 ሜትር የሚረዝመውና በእርምጃ የሚወዛወዘው የዴአይ ተንጠልጣይ ድልድይ ደርሶ መልስ ይቀነሳል። የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ይቀነሳል። አይስክሬም ይቀነሳል። በቀረው ጊዜ የዋዳ ቤተሰብን ትልቅ ቤት የጎበኘ ሰው በመካከሉ የሚጨሰውን ምድጃ ያገኛል። ጭሱ እንጨቱንና ሣሩን ከነፍሳት የሚጠብቅ መድኃኒት ነው፤ ጎብኚውም በሹራቡ ይዞት ስለሚመለስ እስከ ናጎያ ድረስ ምንም ነፍሳት አይቀርቡትም።

እዚህ ላይ ከአስተናጋጆቹ ወገን አንድ ቁጥር መጥቀስ ይገባል። የሺራካዋ መንደር ነዋሪ አንድ ሺህ አምስት መቶ አካባቢ ሲሆን በ2019 የጎበኘው ሰው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በልጧል። ለአንድ ባለቤት ሺህ እንግዳ ማለት ነው። መንደሩ የበረዶ ወራት የመብራት ትርኢቱን በቅድሚያ ምዝገባ ብቻ ማድረጉ ከእንግዳ ጥላቻ የመጣ አይመስልም።

ሺራካዋ-ጎ ከጎረቤቱ ከጎካያማ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1995፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መስፈርት ነው። አምስተኛው መስፈርት ሊመለስ በማይችል ለውጥ አደጋ ላይ የወደቀ ባህላዊ ሰፈራን ይመለከታል። የአውቶቡሱ መንደር መስፈርቱን ያሟላል፤ ናጎያ መግቢያ ላይ መኪና ሲጨናነቅ የሹሟ ሥልጣን ይላላል፣ ባለርስቶቹ ያንኮራፋሉ፣ የደቦው ፎቶ ለባለቤቱ ሳይላክ ይቀራል። ከምዝገባው በፊት ግን ነዋሪዎቹን ማማከር ይገባል። ነዋሪዎቹ ደግሞ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ወርደው እየተጣደፉ ተበትነዋል። በቦታው የቀረችው ሹሟ ብቻ ስትሆን፣ ስለ ቅርሱ የወደፊት ዕጣ ለሚጠይቃት የምትመልሰው የነገውን መነሻ ሰዓት ነው።