ለገለልተኛው ሊቀ መንበራችን

በዋሽንግተን ዙሪያ ስላሉት የሐበሻ ማኅበራት ክፉ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ምርጫ ሲደርስ ለእጩ ይቀሰቅሳሉ ይሏቸዋል። ሐሜት ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለካውንቲ ምክር ቤትም ይሁን ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር እጩን መደገፍም ሆነ መቃወም በሕግ እንደተከለከለ ሊቀ መንበራችን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ንግግራቸውን ሁሉ የሚከፍቱት በዚሁ ነው። «እንደምታውቁት እኛ ፋይቭ-ኦ-ዋን-ሲ-ስሪ፣ ማለትም ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት፣ ስለሆንን ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» ይሉና ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ይሁን እንጂ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሃያ ደቂቃ የግል አስተያየታቸው ነው።

የግል ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። በማኅበሩ አዳራሽ፣ በማኅበሩ ማይክራፎን፣ የማኅበሩ ዓርማ ከጀርባቸው ተሰቅሎ ይናገሩት እንጂ አፉ የራሳቸው ነው። የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ መሪዎች በግላቸው የወደዱትን መደገፍ ይችላሉ፣ በድርጅታቸው ዝግጅትና በድርጅታቸው ጽሑፍ ላይ ግን አይችሉም ይላል። ምስኪን መሥሪያ ቤት! የእኛን ሽማግሌ ከወንበሩ ለይቶ ያየ ማን አለ?

እንቁጣጣሽም ቢሆን ጊዜውን አውቆ ነው የሚመጣው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀድመው ድምፅ የሚሰጡበት ጊዜ ሊከፈት ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ከተፍ ይላል። ከአደይ አበባው ጋር እጩውም ይፈካል። አዳራሻችን የት እንደሆነ ለዓመታት ያልጠየቀ ሰው ነጠላ አጣፍቶ ይገባል፣ ዶሮ ወጡን እያላበው ይበላል፣ ትከሻው እስኪወልቅ እስክስታ ይወርዳል። ቦርዱ ካባ ያለብሰዋል። ይህ ቅስቀሳ አይደለም፣ እንግዳ መቀበል ነው። ተቀናቃኙስ? እሱም ተጋብዟል እንጂ! ዝግጅቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጥሪው ዓርብ ማታ ተልኮለታል። ሕጉ ሁሉም እጩ እኩል ይጠራ፣ ጥያቄውም አይዳላ ይላል፤ እኛም አላዳላንም። ካባ ለለበሰው «ለሕዝባችን ያለዎት ፍቅር ከየት የመጣ ነው?» ብለን ጠየቅን። ላልመጣው ደግሞ «ለምን ቀረ?» ብለን ለታዳሚው ጥያቄ አቀረብን።

አዳራሹን በተመለከተም ሐሜት አለ። አባል የልጁን ክርስትና ሲደግስ ሙሉ ኪራይ ከነማስያዣው ይከፍላል፣ እጩው በነፃ ይገባል የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ልዩነቱ አልገባቸውም። የክርስትናው ሕፃን ነገ ግራንት አይፈርምም።

የሚያስመሰግነው ሥራ ግን የቴሌግራሙ ግሩፕ ነው። ስልክ ቁጥራችንን የሰጠነው የእድር አባል ሲሞት ለቅሶ እንድንደርስ ነበር። አሁን ከወይዘሮ እገሊት የቀብር ሰዓት ሥር የእጩው ፍላየር ይለጠፋል፤ ሰው ለሟች «ነፍስ ይማር» ብሎ ሲጽፍ እጩውም አብሮ ይማርለታል። አዲስ ዜጎችን ለመራጭነት ማስመዝገብ ሕጋዊም፣ የተቀደሰም ነው። ጠረጴዛው ላይ ከቅጹ ጎን የአንድ ሰው ፎቶ ብቻ መቀመጡ ጠረጴዛው ስለጠበበ ነው።

እጩ መደገፍን የሚከለክለውን ሕግ ያመጡት ሊንደን ጆንሰን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የቴክሳስ ሴናተር ሳሉ። ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በተቀናቃኞቻቸው በኩል ቆመው ስላበሳጯቸው አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ሴኔቱም ሳይከራከርበት አለፈው። በቂም የተወለደ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። እድገቱም የቂም ልጅ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይነክሳል። በ1992 በኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን አጠገብ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው ቢል ክሊንተንን አትምረጡ የሚል ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በሁለት ትልልቅ ጋዜጦች አወጣች። ከሥሩም ለማስታወቂያው ከግብር ተቀናሽ የሚሆን መዋጮ እንቀበላለን ብላ ጻፈች። ከግብር ነፃ መሆኗን ያረጋገጠላት ደብዳቤ በ1995 ተነጠቀ፣ ይግባኟም በ2000 ወደቀ። እኛ ጋዜጣ ላይ አንጽፍም። እኛ ቡና ስናፈላ ነው የምናወራው።

ከተያዙ ደግሞ ቅጣቱን እዩት። የዶናልድ ትራምፕ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን በ2013 ለፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የምርጫ ዘመቻ 25,000 ዶላር ሰጥቶ ሲገኝ ለአይአርኤስ የተከፈለው 2,500 ዶላር ነበር። አሥራት ማለት ነው። (ፋውንዴሽኑ በኋላ በኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ክስ ተዘግቷል፣ በ2019 ትራምፕ ሁለት ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈርዷል፤ የእኛ ቦርድ ግን መልካሙን ክፍል ብቻ ነው የሚያነበው።) በ2025 ጁላይ ደግሞ አይአርኤስ ራሱ ለቴክሳስ ፍርድ ቤት ባቀረበው ሰነድ፣ አንድ የእምነት ቤት በአምልኮ ጊዜ ስለ ምርጫ ለራሱ ምእመናን ቢናገር ክልከላው አይመለከተውም አለ። እድርና ኮሚኒቲ እዚያ ውስጥ የሉም። ቢሆንም ቦርዱ አትሮንስ ለመግዛት ኮሚቴ ማቋቋሙ ተሰምቷል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ለሕዝብ ነዋ። ካውንቲው ለማኅበራት ገንዘብ ይሰጣል፣ ገንዘቡን የሚያጸድቁት ተመራጮች ናቸው፣ ተመራጩ ደግሞ ካባውን አይረሳም። ሊቀ መንበራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለውን ለራሳቸው አልተጠቀሙበትም፤ ስብሰባ ላይ የፊት ወንበር፣ ከተመራጩ ጋር ፎቶ፣ አንድ የአማካሪ ኮሚቴ አባልነት፣ ሌላ ምን አገኙ? ወርሃዊ መዋጮውን ሳያስተጓጉል እየከፈለ ሌላኛውን እጩ የመረጠው የታክሲ ሾፌር ገንዘቤ ለማን ዋለ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ አጠቃላይ ጉባኤ ይጥራ። ጉባኤው መቼ እንደሚጠራ የሚወስነው ቦርዱ ነው።

ባለፈው ኅዳር ካባ የለበሰው ተሸነፈ። በማግስቱ ማኅበራችን ለአሸናፊው የደስታ መግለጫ አወጣ፤ ከመነሻው ጀምሮ ፍጹም ገለልተኛ እንደነበርንም አስታወሰ። ካባው ከተሸናፊው ዘንድ በአደራ እንዲመለስ ሁለት ሽማግሌዎች ተልከዋል። ልኩ ለሁለቱም ይሆናል ተብሏል።