ፍየሉ ሲዘል ሰውየው ተገትሮ

ቡና ቤት ከፍቶ ግድግዳውን ባዶ የሚተው ሰው ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ብትፈልጉ አታገኙም። ሰዓሊ ይጠራል፤ ሰዓሊውም ከሁለት አንዱን ይሥላል። ወይ እረኛውን ካልዲን ከነፍየሎቹ፣ ወይ ቡና የምትቀዳዋን ሴት።

ካልዲ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይቆማል። ፍየሎቹ ግን ጉድ ናቸው! አንዱ በሁለት እግሩ ቆሟል፣ ሌላው አየር ላይ ተገልብጧል፣ ሦስተኛው ቀዩን የቡና ፍሬ እንደጎረሰ ዓይኑን አፍጥጧል፣ ግልገሏ ደግሞ እናቷን በኀፍረት ታያለች። ለፍየል ይህን ሁሉ ጠባይ የሰጠ እጅ ለእረኛው አንዲት ቅንድብ ማንሳት አቃተው? ሰውየው እኮ ቡናን መጀመሪያ አገኘ የሚባል ነው፤ ትንሽ እንኳ ይገረም እንጂ። የማሮናውያኑ ሊቅ ፋውስቶ ናይሮኒ ተረቱን እንደ ፈረንጆች በ1671 ሮም ላይ ሲያሳትም የእረኛውን ስም አልጻፈም፤ ካልዲ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። ስም የሚያወጣለት ተገኘ፤ ፊት የሚሰጠው ጠፋ።

ሴትየዋ ደግሞ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ በርጩማዋ ላይ ጎኗን ሰጥታ፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ትቀዳለች። ክረምት ከበጋ ትቀዳለች፤ ሲኒው አይሞላም፣ እጇም አይዝልም። ፊቷ የመታወቂያ ፎቶ ነው። አሁን አሁን ሥራውን ኮምፒውተር ተረክቦታል መሰለኝ፤ ሴትየዋ ያችው ናት፣ የተጨመረላት ስድስተኛ ጣት ብቻ ነው።

እውነተኛዋን ለማየት ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆች በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በመዘገበው በካፋ ደን አካባቢ፣ ለምሳሌ ማንኪራ፣ ቡና ከሚቆላበት ቤት ጎራ በሉ። ጭሱ ሲነሳ ባለቤቲቱ አንገቷን ወደ ግራ ሰብራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታምሳለች። በክርኗ ልጁን ከእሳቱ ትገፋለች፤ በዚህ መሀል የጎረቤቷን ወሬ “ኧረ ተይ!” እያለች በአገጯ ትቀበላለች። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ብድግ ነው። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የማን ስም እንደተነሳ ከትከሻዋ ይታወቃል። አባወራው የቡናውን ጢስ በመዳፉ ወደ አፍንጫው እየሳበ ያልሰማ ይመስላል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓሊ የዓመት ሥራ ተቀምጧል። ሰዓሊው ግን እዚያው ቡናውን እየጠጣ ስልኩን አውጥቶ “ቡና የምትቀዳ ሴት” ብሎ ይፈልጋል።

ጥፋቱ የሰዓሊው ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም ካሜራ ሲነሣብን በድን እንሆናለን። ሲያወራ ጠረጴዛ ሲደበድብ የዋለ ሰው “ፎቶ!” ሲባል ኮቱን አስተካክሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ይውጣል። ጨዋ ሰው አይንቀሳቀስማ! የድሮው ሥዕላችንም ሥርዓት ነበረው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ያያል፤ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። በዓድዋ ሥዕሎችም የእኛዎቹ ፊት ለፊት፣ ጣልያኖቹ በጎን ናቸው። እዚያ ነገሩ ትርጉም አለው፤ ተመልካቹ ወገንና ጠላትን በዓይን ቁጥር ይለያል። እኛ ከዚያ ሁሉ የወረስነው መገተሩን ብቻ ነው። እንግዲህ በሥዕላችን እንደ ልቡ የሚፈነጭ ሰይጣንና ፍየል ብቻ ሆኖ ቀረ።

ወጣቶቹ እየሞከሩ ነው። ኤታን ኮሚክስ እንደ ፈረንጆች በ2018 “ጀምበር” የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕል መጽሐፍ ይዞ ብቅ ብሏል። እሰየው! ግን አንድ ሐበሻ ወረቀት ላይ እጁን ለማንሳት የግድ ልዕለ ኃይል ያስፈልገዋል?

ስለዚህ ቡና ቤት ልትከፍቱ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከሰዓሊው ጋር ስለ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ ሴትየዋ ተነጋገሩ። ጭስ ገብቷት ታስነጥስ፤ ጀበናው አቃጥሏት እጇን ታራግፍ፤ ዱቤ የበዛበትን ደንበኛ በጎን ትገላምጠው። ለግልምጫው ተጨማሪ ቢጠይቃችሁ ክፈሉት።