የአሥሯ ሰከንድ ነገር

ኮንቴይነር፣ ማለትም አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ፋይሎች ጋር ጠቅልሎ ከጎረቤቶቹ ነጥሎ የሚያሠራው ዘዴ፣ ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው በዶከር «ዶከር ስቶፕ» ትእዛዝ እንዲቆም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ባለሙያውም በዚህች ቆይታ ስልኩን ነካክቶ፣ ቀዝቅዞ የቀረ ቡናውን ጨልጦ ይመለሳል እንጂ ምን ሆኖ ቆየ ብሎ አይጠይቅም። ሊጠይቅ ግን ይገባው ነበር፤ ፋይሉን ዘግቶ ግንኙነቱን ቋጭቶ የሚወጣ ፕሮግራም አንድ ቀን በ1፣ ሌላ ቀን በ4 ሰከንድ ይጨርሳል እንጂ ዘወትር ልክ በ10ኛው ላይ የሚጨርስበት ምክንያት የለውም።

ሲግናል የሚባለው የሊኑክስ ከርነል፣ ይኸውም የሥርዓቱ እምብርት፣ ለአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ላለ ፕሮግራም፣ የሚያደርሰው በቁጥር የታወቀ አጭር መልእክት ነው። ዶከር መጀመሪያ 15 ቁጥሩን ሲግተርምን ልኮ ሥራህን ቋጭተህ ውጣ ይላል፤ ሰሚ ሲያጣ 10 ሰከንድ ታግሦ፣ ፕሮግራሙ ሊያስቀረውም ሊያዘገየውም የማይችለውን 9 ቁጥሩን ሲግኪልን ይሰዳል። እንግዲህ ያ ኮንቴይነር ተገደለ እንጂ ወጣ አይባልም፤ ትቶት የሚሄደው 137 የሚል የመውጫ ቁጥርም የ128 እና የ9 ድምር ነውና ይመሰክርበታል።

ፕሮግራሙ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው በሁለት ምክንያት ነው። በኮንቴይነሩ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ፕሮሰስ ቁጥር 1 ይሰጠዋል፤ ይህም በዩኒክስ ልማድ የሌሎች ሁሉ ወላጅ የሆነው የኢኒት ማዕረግ ስለሆነ፣ ባለማዕረጉ ራሱ መቀበያ እስካላዘጋጀ ድረስ ከርነሉ ሲግተርምን ከደጅ ይመልስለታል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍራል፦ የኮንቴይነሩ አዘገጃጀት በሚጻፍበት በዶከርፋይል ውስጥ የማስነሻው ትእዛዝ በማዕዘን ቅንፍ ሳይታጠር እንዲሁ ከተጻፈ ቁጥር 1 የሚሆነው ትእዛዝ ተርጓሚው ሼል ነው፤ ሼሉም ደብዳቤ ተቀብሎ ለባለቤቱ እንደማያደርስ የግቢ ዘበኛ መልእክቱን ይዞ ይቀመጣል። አንዳንዱ ሼል ደግሞ ትእዛዙ አንድ ብቻ ሲሆን ቦታውን ለፕሮግራሙ ለቆ ስለሚሄድ፣ ያው ጽሑፍ ኮንቴይነር ከሚነሣበት ጥቅል፣ ከኢሜጅ፣ በአንዱ ሲሰማ በሌላው ይደነቁራል።

ሲግናሎቹ ራሳቸው በስማቸው ቢያድሩ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሲግሃፕ ተርሚናል በስልክ መስመር ይገናኝ በነበረበት ዘመን መስመሩ መቋረጡን ማብሠሪያ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰርቨሮች የማስተካከያ ፋይልህን እንደገና አንብብ ማለት አድርገው ይወስዱታል። የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስ ሲግተርም ሲደርሰው የተገናኙት ደንበኞች ሁሉ በፈቃዳቸው እስኪሄዱ ይጠብቃል፣ ፈጥኖ የሚዘጋው በሲግኢንት ነው፤ የድር ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ በተቃራኒው በሲግተርም ቆርጦ ይወጣና የጀመረውን ጨርሶ ለመውጣት ሲግኲትን ይሻል። ከሁሉ የሚብሰው አፓቺ ነው። ሲግዊንች የተርሚናሉ መስኮት ስፋት ተለወጠ የሚል ተራ ወሬ ሲሆን፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው ይህ ሰርቨር ግን በክብር ተሰናበት የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ ተርሚናል ተያይዞለት ከፊት የሚሠራ አፓቺ፣ አንድ ሰው ጽሑፍ ጠብቦት መስኮቱን በማውስ ሳብ ቢያደርግ፣ እጅ ነሥቶ ሊዘጋ ይችላል። የመስኮት ጠርዝ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘበት ሌላ ሥርዓት ቢፈለግ መገኘቱ ያጠራጥራል።

ይህ ሁሉ ግን ያስቃል እንጂ አያናድድም፤ የሚያናድደው መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ነው። ቆይታው ያሰለቻቸው ቡድኖች የጥበቃውን ጊዜ ወደ 0 ዝቅ አድርገው ሥራ አፋጠንን ይላሉ፤ ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ያለ ጥያቄ የሚሰጠውን 30 ሰከንድም እንደ ብክነት ይቆጥሩታል። በግማሽ የተጻፈው መዝገብ፣ ከአንዱ ሂሳብ ወጥቶ ሌላው ያልደረሰው ክፍያ የማን ዕዳ ነው? ሲግተርም ሲደርሰው አንድ መስመር የሚጽፍ ፕሮግራም አስነሥቶ፣ አቁሞ፣ ሰዓት የማየት ፈተና ቡና ከማፍላት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ይህችን እንኳ ያልሞከረ ሰው በሪፖርቱ ላይ «አገልግሎቱ በሥርዓት ተዘግቷል» ብሎ መጻፉ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ውሸት ነው።

እርግጥ ነው፣ ፈተናውም ያታልላል። ባሽ በተባለው ሼል የተጻፈ መፈተኛ «ስሊፕ» (ተኛ) በሚል ትእዛዝ ላይ ቆሞ ሳለ ሲግናል ቢደርሰው፣ እንቅልፉ እስኪያልቅ መቀበያውን ስለማይጠራ ጤነኛው ሁሉ ደንቆሮ ይመስላል። ደንቆሮውን ጤነኛ የሚያስመስልም አለ፦ በ2017 የወጣው ዶከር 1.13 ቲኒ የተባለችውን ትንሽ ኢኒት ይዞ መጥቶ ቁጥር 1ን ለእርሷ ሰጥቷል፤ ያም ተነሺ ላላት ብቻ ነው። እርሷም ሲግተርምን ለልጇ ታቀብላለች፤ ልጇ ሼል ከሆነ ግን ሼሉ አሁን ቁጥር 1 ስላልሆነ ወዲያው ይሞታል፣ ቲኒም ተከትላ ትወጣለች፣ ከርነሉም የቀሩትን ሁሉ በሲግኪል ይጠርጋል። ሰዓቱ ከ1 ሰከንድ በታች ያሳያል፣ የመውጫው ቁጥር የ128 እና የ15 ድምር የሆነው 143 ነው፣ ፈታኙም ተሳካ ብሎ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙ ግን ዛሬም ምንም አልሰማም። ቲኒ መልእክቱን ለመላው የፕሮሰስ ቡድን እንድታሰማ የሚያደርግ አማራጭ ቢኖርም፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሼሉ ልጁን ሳይጠብቅ ቀድሞ ቢሞትስ የሚለው ይነሣል።