ሁለት እርምጃ ያቃተው ፋይል

እናንተ ልጆች፣ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። ከደባርቅ ተነሥቶ ዋሽንግተን የሚደርስ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መሻገር የሚያቅተው ለምንድን ነው? የእድራችን ቢሮ ጠባብ ናት። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊዋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጡት። የመዋጮውን ዝርዝር ሲጠይቃት ግን በቴሌግራም ትልክለታለች። ዝርዝሩ ባሕር ተሻግሮ ሰው አገር ይደርስና፣ በጎንደር በዳባት አድርጎ ዳገቱን ወጥቶ፣ አጠገቧ ባለው ሰውዬ ስልክ ላይ ጢው ይላል። ይህን ሥልጣኔ ብለው ያሞግሱልኛል!

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሥልጣኔውም አብሮ ተዘጋ። ቀጥሎ ፍላሽ መጣ፤ ፍላሹ ከየፎቶ ኮፒ ቤቱ ቫይረስ ለቃቅሞ ገባና ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አደረገው። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል? ሦስቱን ኮምፒውተር በኬብል ከስዊች ጋር አገናኝተን አንድ ፎልደር ሼር እናድርግ» አለ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ መብራት ካለ ይበቃል። ኬብሉ ተዘረጋ፣ ስዊቿም ብልጭ ብልጭ አለች። ፎልደሩ ግን አልተከፈተም።

ማሽኖቹ እንደ እድሩ አባላት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ጠባያቸውም አይገናኝም። አንዱ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ድጋፋቸውን ያቆሙለት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ያዡ አዲስ ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ 11። ሦስተኛው ልጁ የዊንዶውስ ወገን ያልሆነውን ኡቡንቱን የጫነበት። እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ ፎልደር ከመደርደሪያ ወርዶ በፊርማ ይወጣ ነበር፤ መደርደሪያው የምን ዘር እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጠያየቁበት ሥርዓት ኤስኤምቢ ይባላል አሉኝ። ባሪ ፋይገንባውም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 አይቢኤም ውስጥ ጀመረው፤ በኋላ ማይክሮሶፍት አሳደገው። የዊንዶውስ ወገን ያልሆኑት እንዴት ገቡበት ብትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ፣ እኛ ደርግ ወድቆ ቀጥሎ የሚመጣውን ስንጠብቅ፣ አንድሩ ትሪጀል የሚባል የአውስትራሊያ ተማሪ ማሽኖቹ በሽቦው ላይ የሚባባሉትን አድምጦ፣ ሳምባ የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ሰጠ። ይህን ሰው እመርቀዋለሁ። የምራገመው ሌሎቹን ነው።

ኤክስፒ የሚያውቀው የኤስኤምቢን የመጀመሪያ ዓይነት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ዓይነት ባለ ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ፋይል ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መለሱ። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ማይክሮሶፍት ያንን ዓይነት አዲስ ከሚጫነው ዊንዶውስ ደረጃ በደረጃ እያወጣው መጣ። «መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ግን ሌባ መጥራት ነው» አለ ልጁ። ስለዚህ ኤክስፒው ጡረታ ይውጣ ተባለ። ዝም አልኩ፤ ነገ ወደ እኔ የሚዞር ፍርድ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው ያስመረሩኝ። በሰሜን ተራራ ግርጌ አንድ መንገደኛ መሽቶበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ፣ ማን ነህ ሳይባል እግሩ ታጥቦ እራት ይቀርብለታል። ኡቡንቱውም እንዲሁ በሩን ከፍቶ፣ ያለ ስም ያለ ፓስወርድ ግቡ አለ። ዊንዶውሱ ግን አልገባም! እንግዳ አልቀበልም ቢል ይገባኝ ነበር፤ ይኸኛው «ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቁ እንዴት ታስገቡኛላችሁ» ብሎ የተከፈተ ደጅ ላይ የሚቆም ኩሩ ነው። ክልከላው መጀመሪያ ለትልልቅ ድርጅቶች በሚሸጠው ዊንዶውስ 10 ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ፕሮፌሽናሉንም ጨመረበት። ምክንያቱን ጠየቅሁ፤ ፓስወርድ ከሌለ አስተናጋጁ እውነተኛው ይሁን አስመሳይ መለየት አይቻልም አለኝ። አሳማኝ ነው፤ የበለጠ የሚያናድደኝም አሳማኝነቱ ነው።

እሺ፣ ስምና ፓስወርድ ይሰጠው አልን። ልጁ ኡቡንቱውን የሚከፍትበትን ፓስወርድ አስገባ፤ እምቢ። ለካ ሳምባ የራሱ መዝገብ አለው፤ ተጠቃሚው እዚያ ለብቻው ካልተመዘገበ ኡቡንቱ ቢያውቀው አያውቀውም። ተመዘገበ። ዊንዶውሱ ደግሞ ቀድሞ በሌላ ስም የገባበትን ይዞ፣ ወደ አንድ ማሽን በሁለት ስም አልሄድም አለ። ተዘግቶ ተከፈተ። በተራው ኡቡንቱው ወደ ዊንዶውስ ልሂድ ሲል ገንዘብ ያዡ በኩራት አራት ቁጥር ነገረን። ፒን ነው! ፒን የሚሠራው እዚያው ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው እንጂ በኔትወርክ ለሚመጣ አይደለም። ዋናውን ፓስወርድ ደግሞ ላፕቶፑን ከገዛ ጀምሮ አላስታወሰውም። እሱም ተገኘና ፎልደሩ ታየ፤ ሲጫኑት ግን አይከፈትም። ፈቃዱ ሁለት ኖሯል፦ አንዱ በኔትወርክ ለሚመጣ፣ ሌላው ዲስኩ ላይ የተጻፈ፤ ካልተስማሙ የጠበቀው ይረታል።

በዚህ ሁሉ መሀል ደጃፉን ያለፈ ጎረምሳ ሁሉ አንገቱን ብቅ እያደረገ፣ «አባባ፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ሲያማቸው ሐኪሙ እንደዚያ ቢላቸው ምን ይሉ ይሆን?

በመጨረሻ ተከፈተ። እልል አልን። ሰብሳቢው የሟች ቤተሰቦች የተረዱበትን ዝርዝር ቢፈልግ ግን የለም ይለዋል። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «የሐዘን ወጪ» ብዬ፣ በሐመሩ ሐ፣ የኔታ ባስተማሩኝ። እሱ በሀሌታው ሀ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያዡ በብዙኃኑ ኀ። ለእነዚህ ማሽኖች ሦስቱ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ስሙን ለውጥ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። ልጁ ጠቡን ሊያበርድ ብሎ በሦስቱም ፊደል ፎልደር ከፈተ። አሁን በሦስቱም ውስጥ ዝርዝር አለ፤ ሰብሳቢው ካንዱ፣ ገንዘብ ያዡ ከሌላው እያነበበ በስብሰባ ይሟገታሉ። «አንተ ልጅ፣ የሐመሩን ሁሉም ያንብበው፤ ከእኔ በቀር ግን ማንም እንዳይጽፍበት አድርግልኝ» አልኩት። «ጋሼ፣ እርስዎም መዝጋት ጀመሩ?» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ።