ጀርባ መስጠት

በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዐት ከንጉሥ ፊት የሚሰናበት ሰው እጅ ነሥቶ፣ ፊቱን ወደ ዙፋኑ እንዳደረገ የኋሊት እየተራመደ ይወጣ ነበር እንጂ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ጀርባውን መስጠት ከድፍረት ሁሉ የከፋ ድፍረት ሆኖ ይቈጠርበት ነበር። ዛሬ ግን፣ ዘመን ይመስገንና፣ ከጎርጎራ በጀልባ ተሳፍሮ የዐፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና ማርያም ግንብን ሊጎበኝ የሚመጣው ሰው ገና ትንፋሹ ሳይመለስለት፣ ጀርባውን ለግንቡ፣ ፊቱን ለስልኩ ሰጥቶ ፈገግ ይላል።

እኛ ኋላ ቀሮቹ በኖራ የተያያዘውን ድንጋይና በላዩ የተፈለፈሉትን አበቦች ለማየት አንገታችን እስኪያመን ስናንጋጥጥ፣ እርሱ ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ከገዛ ትከሻው በስተኋላ አጮልቆ ያገኘዋል፤ ያውም ጊዜ ከተረፈው። አስጎብኚው እስፓኛዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. በዚሁ በጎርጎራ እንዳረፈ፣ ንጉሡም የሮማን ሃይማኖት ተቀብሎ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ እንደ ለቀቀ ሊተርክ አፉን ሲከፍት፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ፈቀቅ በል፤ ፎቶው ውስጥ ገባህብን» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው በማዕርግና በውሎ አበል የሚመጣው ልዑክ ነው። እርሱ «ቅርሳችንን እናስተዋውቅ» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ሰፊ ሸራ ከዳር እስከ ዳር ዘርግቶ ከፊቱ ስለሚቆም፣ የሚተዋወቀው ቅርስ ከሸራው በስተጀርባ በትሕትና ተሰውሮ ይውላል። ከዚያ የስም መቈጣጠሪያው ላይ ይፈረማል፤ ፊርማው በወረቀት ብቻ እንዳይቀር የሚሠጉ ትጉሃን ደግሞ ስማቸውን ከነፍቅረኛቸው ስም በግድግዳው ላይ ይቀርጻሉ። ስሙን ለትውልድ ለማስተላለፍ ይህን ሁሉ ድንጋይ ያስፈለጠ፣ ይህን ሁሉ ኖራ ያስቦካ ንጉሥ ምንኛ የዋህ ኖሮአል! ለእነርሱ አንድ ምስማር በቅቶአቸዋል።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ ባለፈው በሄድሁ ጊዜ ፊቱን በቀጥታ ወደ ግንቡ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እያስተዋለ የሚመለከት አንድ ጎብኚ ማግኘቴን መመስከር ይገባኛል። ፍየል ነበር። በስንጥቁ መካከል በቅሎ ግድግዳውን ሊነቅል የተዘጋጀውን ቍጥቋጦ እያበጠረ ሲበላ ብዙ ቆየ፤ ሲጨርስም ሳይፈርም ሄደ።