ስፖኪዮው ይታጠፋል?

የኤሌክትሪክ መኪና መቼ ልግዛ ብሎ እንቅልፍ ማጣት ለሌላ አገር ሰው ነው። እኛን መንግሥት ገላግሎናል፤ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከልክሎ፣ ጥያቄውንም መልሱንም በአንድ መግለጫ ጨረሰልን።

የቀረን “የቱን?” ነው። ሻጩ ባትሪው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድና ስክሪኑ እንዴት እንደሚያበራ ያወራል። (ስክሪኑ ቻይንኛ ነው። ቋንቋው ምርቃት መሆኑ ነው።) መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ግን መለዋወጫ ሲሸጥ ያደገው ልጅ መኪናውን አንዴ ይዞርና፣ “ጋሼ፣ ስፖኪዮው ራሱ ይታጠፋል?” ይላል። ሙያ ይሉሃል ይሄ ነው! ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ሆዱን ያያል። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነውና፣ የአውቶብስ ተራን ጉድጓድ ለሚያውቅ ሰው ከስክሪኑ ስፋት የሆዱ ከፍታ ይበልጣል።

ከዚያ ፊቱ ይጠቁራል። ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ የሞተር ዘይት የለ። ፍሬን ሸራው እንኳ፣ እግር ከመርገጫው ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘው፣ ቶሎ አያልቅም። “ታዲያ እኛ ምን ልንሸጥ ነው?”

“መብራት ሲጠፋስ?” አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 መመረቁን ሁለታችንም እናውቃለን፤ የሰፈራችንን ትራንስፎርመርም እንዲሁ።

ፊቱ ወዲያው በራ። “ጀነሬተር ላምጣልዎ፣ ጋሼ? በናፍጣ የሚሠራ አሪፍ አለ።”