ፖርቱን ማን ይንገረን

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ደቡብ ጎንደሬ ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም። ከፋርጣ ሌሊት ተነስቶ በብርድ ደብረ ታቦር የገባው ገበሬም፣ ከእስቴ ወይም ከእብናት በሚኒባስ ተጠቅጥቆ የመጣው ጡረተኛም መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚጠብቀው እሱው ነው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅስ ምን ታድርግ? ስልኳን አንስታ አይቲውን ትጠራለች። ይብላኝ ለአይቲው!

እኔም ከነዚህ ከሚጠሩት አንዱ ነኝ። መብራት ሲሄድ እንጠራለን፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እንጠራለን፣ የኃላፊው ስልክ ቻርጅ አልይዝ ሲል ሳይቀር እንጠራለን። ይሁን፣ ተለምዷል። ክረምት ገብቶ ከጉና በኩል መብረቁ ሲያጓራ ስዊቹ ይቃጠልብናል፤ እሱንም ለምደነዋል። አልለመድ ያለን ነገር ቢኖር ከአንድ ተራ ቁጥር ጋር በየሳምንቱ የምንገጥመው ግብግብ ነው።

ቁጥሩ ፖርት ይባላል። አንድ ኮምፒውተር በአንድ አድራሻ ላይ ሆኖ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ድረ ገጽ ያቀርባል፣ ኢሜይል ይቀበላል፣ ለሒሳብ ክፍል ፋይል ያቀብላል። መናኸሪያ ውስጥ የጋይንቱ መኪና በአንድ ተራ፣ የባሕር ዳሩ በሌላ ተራ ቆሞ እንደሚጭን፣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 65,535 ይደርሳሉ። ድረ ገጽ በ80 እና በ443፣ ኢሜይል በ25፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚፈታው ዲኤንኤስ ደግሞ በ53 ይስተናገዳል። እስከ 1,023 ያሉት የታወቁት ናቸው፤ ከዚያ እስከ 49,151 ድረስ ሰው ያስመዘገባቸው ይገኛሉ፤ የቀሩት ማንም ለጊዜያዊ ሥራ የሚጠቀምባቸው ናቸው። ፋየርዎል ያልተፈቀደለትን ቁጥር አያሳልፍም፤ የትኛውን ቁጥር እንደምትፈቅድለት ካላወቅህ ደግሞ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

የጣት አሻራ ማሽኑን እንውሰድ። ዛሬ እሱ ያልተሰቀለበት መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ጠዋት ሠራተኛው ተሰልፎ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ ይጠብቃል፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፣ በብርድ የደረቀ ጣት ደግሞ ለማሽኑ ቶሎ አይገባውም። ሦስቴ ተጭኖ፣ አንዴ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ በመጨረሻ ማሽኑ በዚያች የሴት ድምፅ «ታንክ ዩ» ይለዋል። ሁሉ ሰላም ይመስላል። ወሩ ሲያልቅ የሰው ኃይል ባለሙያዋ መረጃውን ወደ ኮምፒውተሯ ልትስብ ስትል «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ኬብሉ ደህና ነው። ፒንግ ስታደርገው ይመልሳል። ማሽኑ በሕይወት አለ፤ አላናግርም ብሎ ነው እንጂ።

«ወንድሜ፣ ደሞዝ ልሠራበት እኮ ነው» ትላለች።

ማሽኑን ለሸጠው ድርጅት ይደወላል። መጀመሪያ አያነሱም፤ ሲያነሱ «ማናጀሩ ፊልድ ወጥቷል» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ ተገኝቶ የሚሰጠው ምክር መላው ኢትዮጵያ በቃሉ የሚያውቀው ነው፦ «ፋየርዎሉን አጥፋው።» ኧረ በየትኛው ፖርት ነው የሚሠራው፣ እሱን ብቻ ልክፈትለት ስትለው፣ «ዝም ብለህ አጥፋው፣ ይሠራልሃል።» ሙግቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ራስህ ማሽኑን ትነካካለህ። ከሜኑው ውስጥ ገብተህ 4370 የሚል ቁጥር ታያለህ። ይህ ቁጥር ምንድን ነው? መክፈቱስ አደጋ አለው? ለዚህ ለዚህ ተብለው የተሠሩ አገልግሎቶች አሉ። የፖርት ቁጥሩን በድረ ገጽ አድራሻ ጫፍ ላይ ጽፈህ ትልካለህ፤ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ይመልስልሃል፣ በጄሶን ወይም በኤክስኤምኤል። ኤፒአይ የሚሉት ይህን ነው። ከታወቁት አንዱ የሳንስ ኢንተርኔት ስቶርም ሴንተር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 በፖርት 53 ላይ ሙከራው ድንገት ሲበዛ አይተው፣ ላየን የተባለው ትል እየተሰራጨ መሆኑን ከደረሱበት በኋላ የተቋቋመ ማዕከል ነው። ቁጥር ስትሰጠው በዚያ ፖርት ላይ ምን አገልግሎት እንደተመዘገበ፣ በዕለቱም ምን ያህል ኮምፒውተር ሲያንኳኳው እንደዋለ ይነግርሃል። ነፃ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

እና ስለ 4370 የሚመጣው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ኤልፕሮ ተነል»።

ባለሙያዋ ከኋላህ ቆማለች። «ምን አለ?» «ኤልፕሮ ተነል አለ።» «እሱ ደግሞ የማነው?»

እሱን ከየት አምጥቼ ልንገራት! መዝገቡ አልዋሸም። አያና የተባለው የዓለም የቁጥር መዝገብ 4370ን ኤልፕሮ ለተባለ ሌላ ሥርዓት ሰጥቶታል፤ የዜድኬቴኮ አሻራ ማሽኖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ እዚያው ቁጥር ላይ ተቀምጠው ይወጣሉ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። መዝገቡ ራሱ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ቁጥሩ የተመዘገበ ነው ማለት በዚያ የሚያልፈው ሁሉ የተመዘገበው አገልግሎት ነው፣ ጤነኛም ነው ማለት አይደለም ይላል። ኤፒአዩ የሚነግርህ ቁጥሩ በማን ስም እንደተያዘ ነው። አሁን ማን ተቀምጦበታል ለሚለው ጥያቄ መልስ ከፈለግህ እዚያው ኮምፒውተር ላይ «ኔትስታት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ማየት አለብህ።

ሌላው ላይም ያው ነው። የጥበቃ ካሜራ መቅጃው 8000 ላይ ይሰማል፤ ስትጠይቅ መልሱ «አይአርዲኤምአይ» ነው። በእኛ አገር ያለ ፒችትሪ የሚሠራ ሒሳብ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው፤ ኩባንያው የፕሮግራሙን ስም ወደ ሴጅ ከለወጠ ዓመታት ቢያልፉም ሒሳብ ሠራተኞቻችን አሁንም ፒችትሪ ነው የሚሉት። ከሥሩ ያለው የመረጃ ቋት በ3351 እና በ1583 ይነጋገራል። ለ3351 «ቢትሪቭ» የሚል ይመጣል፤ የድሮ ሰው ከሆንክ የዚያው የመረጃ ቋት የጥንት ስም መሆኑን ታውቃለህ፣ ደስ ይልሃል። ለ1583 ግን «ሲምባ ኤክስፕረስ» ይልሃል። ጋሼ ሒሳብ ሹሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሲምባ? አንበሳ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይፈረድባቸዋል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ኢንተርኔት ሲኖር ነው።

ኤፒአዩን ለመጠየቅ ራሱ በ443 መውጣት ግድ ነው። ኮኔክሽኑ ለምን እንደተቋረጠ ለማጣራት ኮኔክሽን ያስፈልጋል፤ ወይ አበሳ! መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሲጮህ፣ ፋይበሩ መንገድ ሥራ ላይ ሲበጠስ ያለውን እንተወው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት አለፉ። የሚያበሳጨው ደግሞ ይህ ነው፦ የአሻራ ማሽኑም ሆነ የፒችትሪው ሰርቨር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ግድግዳ ተበስቶ በገባ ኬብል ነው የሚገናኙት። ዓለም ሁሉ ቢዘጋ እነሱ መሥራት ይችሉ ነበር። የሚነጋገሩበትን ቁጥር ግን እኛ ቤት ውስጥ የጻፈው የለም፤ ከባሕር ማዶ መጠየቅ አለበት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቁጥሮቹ ዝርዝር እንደ ሰነድ ይወጣ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት የያዘው ጆን ፖስተል የተባለ ሰው ነው። የመጨረሻው፣ አርኤፍሲ 1700 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሰነዱ ቀርቶ ዝርዝሩ ድረ ገጽ ላይ ብቻ እንደሚገኝ በይፋ ተነገረ። ለባለ ፈጣን ኢንተርኔት እሰየው ነው።

ደግነቱ ዝርዝሩን ሙሉውን ማውረድ ይቻላል። አያና በሲኤስቪ ያስቀምጠዋል፤ ፍላሽ ላይ ቦታ የሚይዝ አይደለም። ኔትወርክ በደህናው ቀን አንዴ አውርዶ ለነፋስ መውጫውም፣ ለወረታውም ባልደረባ መስጠት ነው። አጭሩ ቅጂማ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ላይ ሲስተም32፣ ከዚያ ድራይቨርስ፣ ከዚያ ኢቲሲ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ፤ «ሰርቪስስ» የሚል ፋይል አለ፣ በኖትፓድ ይከፈታል። ሊኑክስም ላይ ኢቲሲ ውስጥ ነው። 4370ን ዊንዶውሱ ላይ አታገኙትም፤ ዋና ዋናዎቹን ግን ያለ ማንም ደጅ ጥናት ይነግራችኋል።

ቅናት አይደለም እንጂ፣ አንድ ነገር ሳነብ በጣም ነው የቆጨኝ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1995 ታቱ ዩሎነን የተባለ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኤስኤስኤች የሚባለውን ፕሮግራም ጽፎ ጨረሰ። ቁጥር ፈለገ። 21 በኤፍቲፒ፣ 23 በቴልኔት ተይዘዋል፤ በመካከል 22 ባዶ ናት። ለመዝገብ ያዦቹ ኢሜይል ጻፈ። በማግሥቱ መልስ መጣለት፦ 22 ያንተ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም በዚያ ቁጥር ይሠራል። እኛ ጋ ለአንዲት የተቃጠለች ስዊች ማመልከቻ ይጻፋል፣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ይመራል፣ «ለሚመለከተው» ይባላል፣ የሚመለከተው ሥልጠና ላይ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው ያንን ሁሉ ገደል አስጎትተው መቅደላ አደረሱት እያልን እንኮራለን፤ እኛ ግን አንዲት ደብዳቤ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ማድረስ አቃተን።

ወደ ፋየርዎሉ ልመለስ፤ ዋናው ቁስሌ እሱ ነውና። «አጥፋው» ተብሎ ይጠፋል፤ ማሽኑ ይሠራል፤ ሁሉም ያመሰግናል፤ መልሶ የሚያበራው ግን የለም። 4370ን ብቻ ማሳለፍ ሲበቃ በሩ ሁሉ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ 445ም አብሮ ይከፈታል። 445 የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ብር ሲጠይቅ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዘል የነበረው በዚሁ ቁጥር ነው። እኛ ጋ ቫይረሱ በኢንተርኔት መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። አንዱ ጸሐፊ ደብዳቤ ሊያሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በፍላሹ ይዞት ይመጣል፤ ፋየርዎል በሌለበት ግቢ የቀረውን መንገድ ራሱ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ የሚጠራው ማን ነው? ያው አይቲው። «አንተ እያለህ እንዴት?» ይባላል።

ስለዚህ ሲስተም፣ ማሽን፣ ካሜራ የምትሸጡልን ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ አንጠይቃችሁም። ተክላችሁ፣ ፈትሻችሁ፣ ርክክብ ፈርማችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በግማሽ ገጽ ጻፉልን፦ ሲስተሙ በየትኞቹ ፖርቶች ነው የሚነጋገረው፣ ቲሲፒ ነው ዩዲፒ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር ወደ የትኛው። አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ ግድ የለንም። ወረቀቷን ሰርቨሩ ላይ በፕላስተር እንለጥፋታለን። እናንተ ግዢ ክፍሎችም ያቺ ወረቀት ሳትመጣ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ።